የቅዳሜው የናሽናል ዙ ጉዞ ለምን እንደተቀየረ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። እኛ የሲልቨር ስፕሪንግ የቫን አገልግሎት ነን፤ ብዙዎቻችሁ የምታውቁን ዋሽንግተን አጠገብ ካለው ከደለስ ኤርፖርት ነው። እናት ወይም አባት ከአገር ቤት ሲመጡ ተቀብለን፣ ሻንጣቸውን ጭነን ቤት ድረስ እናደርሳለን። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተሰብ ይዘን ዋሽንግተን ወዳለው ናሽናል ዙ፣ ወደ እንስሳት ማሳያው፣ እንሄዳለን። በቅርቡ የዚህን ጉዞ ሰዓትና አካሄድ ቀይረናል፤ አሁን በጠዋት እንነሳለን፣ አዛውንት ካሉም እስከ ታች አንወርድም። ደውላችሁ «ቅዳሜን እንኳን አታስተኙንም እንዴ?» ያላችሁን አላችሁ። «ለምን እስከ አንበሳው አታደርሱንም?» ያላችሁም አላችሁ። መልስ ይገባችኋል፤ ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ጻፍን።

መጀመሪያ ጥፋታችንን እንናገር። በፊት ረፋዱ ላይ ተነስተን፣ ፀሐይ መሀል አናት ላይ ስትሆን ደርሰን፣ ያለውን ሁሉ በአንድ ቀን ለማሳየት እንሮጥ ነበር። ሐምሌ ውስጥ አንድ ቅዳሜ አንዲት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው እየሳቁ ቁልቁለቱን ወረዱ። ሲመለሱ ግን ዳገቱ ላይ ጉልበታቸው ከዳቸው። መንገድ ዳር ወንበር ላይ ተቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ሲያራግቡ ሾፌራችን ውሃ ይዞ ሮጠ። «አይዞህ ልጄ፣ ደህና ነኝ» አሉት። ደህና አልነበሩም። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ብዙ ቆየን። ልጁ አጠገባቸው ቆሞ ዝም ብሎ ያያቸው ነበር። ጥፋቱ የኛ ነው። ቦታው እንዴት እንደተሠራ አስቀድመን ልንነግራቸው ይገባ ነበር።

ናሽናል ዙ 163 ኤከር ነው። ከላይ ከኮነቲከት አቬኑ በር ይጀምርና እስከ ሮክ ክሪክ ወንዝ ድረስ ቁልቁል ይወርዳል። ሲገቡ እግር ራሱ ይወስዳል። የወረዱትን ያህል መውጣት እንዳለ ትዝ የሚለው ታች ከደረሱ በኋላ ነው። አንበሳና ነብሩ ደግሞ ወደ ታች ነው ያሉት። አዛውንት ሲኖሩ ዝንጀሮዎቹና ጎሪላዎቹ አካባቢ ደርሰን የምንመለሰው ለዚህ ነው። አንበሳ ካላየሁ የሚል ልጅ ካለ ከወላጁ ጋር ሾፌራችን ይዟቸው ይወርዳል። አያት እላይ ሆነው በጥላ ሥር ይጠብቃሉ። ብዙዎቹ እናቶች እንደሆነ አንበሳውን ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ አይተውታል።

የመነሻ ሰዓታችን አሁን 8:30 ነው፤ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ሙቀቱ ሳይበረታ እንስሳቱ ይንቀሳቀሳሉ። ቀትር ላይ ከደረሳችሁ የምታዩት የተኛ ጀርባ ነው። ፓንዳዎቹ ጋ ደግሞ ቅዳሜ ሰልፍ አለ፤ ሕፃን ልጅ ይዞ በፀሐይ መሰለፍ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አይነገርም።

ስለ ፓንዳዎቹ ትንሽ እናውጋችሁ፤ እኛ ራሳችን የምንወደው ታሪክ ስለሆነ ነው። ወንዱ ባኦ ሊ ይባላል፣ ሴቷ ቺንግ ባኦ። ከቻይና የመጡት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2024 ነው፤ ሕዝብ ያያቸው ደግሞ ጥር 2025 ላይ። የባኦ ሊ እናት ባኦ ባኦ የተወለደችው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው፣ በ2013። በ2017 ወደ ቻይና ሄደች፤ ልጇን እዚያ ወለደች። አያቶቹ ሜይ ሺያንግና ቲያን ቲያን ከ2000 እስከ 2023 እዚህ ኖረው ተመለሱ። እነሱ በሄዱ በዓመቱ የልጅ ልጃቸው መጣ። ይህን በቫኑ ውስጥ ስንነግራቸው ከኋላ ያሉት እናቶች ጸጥ ይላሉ። አንዷ «እና ሳይተያዩ ተላለፉ?» ብለው ጠየቁን። አዎ፣ ሳይተያዩ።

ከፓንዳው ቀጥሎ ዝሆኖቹ አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ትንንሽ አጥቢ እንስሳት የሚኖሩበትን ቤት ግን ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያልፈዋል። እባካችሁ እንዳታልፉት። እዚያ ውስጥ ጸጉር የሌለው ፍልፈል አለ። የኛ አገር እንስሳ ነው። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1842 ለሳይንስ ዓለም ሲያስተዋውቀው ናሙናው የተገኘው ከሸዋ ነበር። በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ቆላ ምድር ውስጥ ይኖራል። መልኩ አያምርም፤ ሮዝ ነው፣ ቆዳው የተሸበሸበ፣ የፊት ጥርሶቹ ወደ ውጭ የወጡ። ከንፈሩ የሚዘጋው ከጥርሱ ኋላ ነው፤ ሲቆፍር አፈር አፉ ውስጥ እንዳይገባ። እንደ ንብ ንግሥት አላቸው። ከሴቶቹ የምትወልደው እሷ ብቻ ናት። ይህች ትንሽ ፍጥረት ከ30 ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች።

መስታወቱ ላይ ፊታችሁን አስጠግታችሁ ጠብቁ። በጠባቡ መተላለፊያ ሁለቱ ፊት ለፊት ሲገናኙ አንዱ በሌላው ጀርባ ላይ ተረማምዶ ያልፋል። መንገድ ካጣ ደግሞ ሳይዞር በኋሊት ይሮጣል፣ ወደፊት የሚሮጠውን ያህል። አንድ ቀን አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ይህን አይቶ በእንግሊዝኛ ሲጮህ አያቱ ጎንበስ አሉና «ፍልፈል!» አሉ። «እኛ ጋ ድንች ይጨርሳል፣ ይሄኛው ግን ጸጉሩን ማን ወሰደበት?» ልጁ «ፍልፈል» እያለ ደጋገመው። እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ በቫኑ ውስጥ አያትየው ስለ ፍልፈል ሲያወሩ፣ ልጁ ሲጠይቅ፣ እናትየው መሀል ሆና ስታስተረጉም መጣን። አማርኛ አይሰማም የተባለ ልጅ ነው። እኛ ይህን ጉዞ እንድንቀጥል ያደረገን ይህ ነው፣ ሌላ አይደለም።

ብርድ ካልሆነ ኦራንጉታን የሚባሉትን ትልልቅ ቀያይ ጦጣዎች ቀና ብላችሁ ፈልጓቸው። 15 ሜትር ያህል ከፍታ ባላቸው ማማዎች መሀል በተዘረጋ ገመድ ላይ፣ ከሰው ጭንቅላት በላይ፣ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይሻገራሉ። ማንም አያስገድዳቸውም። ደስ ካላቸው ይወጣሉ፣ ካላላቸው ይቀራሉ።

በመንገድ ላይ ለልጆቹ የምንነግራቸው ሌላም አለ። ዓፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1904 ለአሜሪካው ፕሬዝዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የሜዳ አህያ በስጦታ ልከው ነበር፤ ከዚያም እዚሁ ዙ ገባ። ከዚያ በፊት በ1882፣ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ ለፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ለዡል ግሬቪ ሌላ የሜዳ አህያ ልከው ነበር። በዚያ ምክንያት ይህ ጠባብ መስመርና ሰፊ ክብ ጆሮ ያለው ዘር እስከ ዛሬ በግሬቪ ስም ይጠራል። ዛሬ በዱር የሚገኘው በኢትዮጵያና በኬንያ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። «መግቢያው ነፃ አይደል፣ ለምን ትጠይቁናላችሁ?» ላላችሁን፦ እውነት ነው፣ ነፃ ነው። ዙው የስሚዝሶንያን (የአሜሪካ ብሔራዊ ሙዚየሞች ተቋም) ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1889 በኮንግረስ ሕግ ነው የተቋቋመው። እኛ የምናስከፍለው ለቫኑ፣ ለነዳጁና ለሾፌሩ ነው፤ ፓርኪንጉ ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነው፣ እሱን ለተሳፋሪው እናካፍላለን። ለመግቢያ ግን ነፃም ቢሆን ለእያንዳንዱ ሰው ፓስ አስቀድሞ መያዝ አለበት፤ ለታዘለ ሕፃንም ጭምር። እስከ ሐሙስ ስንት እንደሆናችሁ ንገሩን የምንለው ለዚህ ነው።

በራሳችሁ መሄድ ከፈለጋችሁም ደስ ይለናል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀዩን ባቡር ያዙ። ብዙ ሰው ዙ የሚል ስም ስላለው ውድሊ ፓርክ ይወርዳል። እሱ ዳገት ነው። አንድ ፌርማታ ጨምራችሁ ክሊቭላንድ ፓርክ ውረዱ፤ መንገዱ ሜዳ ነው። ስትመለሱ በውድሊ ፓርክ በኩል ቁልቁል ትወርዳላችሁ።

ምሳ ከቤት መያዝ ይቻላል። ወጥ ይደፋል፤ ፍርፍር፣ የተጠቀለለ እንጀራ፣ ዳቦና ቆሎ ይሻላል። ለእናቶች ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉላቸው። አዲስ የተገዛ ጫማ ያን ቀን አይሁን። ጠዋት ብርድ ሊሆን ስለሚችል ጋቢም አይክፋ።

ዊልቸር ወይም ስትሮለር ካለ ስትመዘገቡ ንገሩን፣ ቦታ እናዘጋጃለን። ዓርብ ማታ ዝናብ ከታየ እንደውላለን፤ ገንዘባችሁን መመለስ ወይም ለሚቀጥለው ቅዳሜ ማዛወር ምርጫው የእናንተ ነው። ያን ቀን ዳገቱ ላይ ለደከሙት እናት ቤተሰብ ደውለን ይቅርታ ጠይቀናል፤ መሄድ ሲፈልጉ ቦታቸው ያለ ክፍያ የተጠበቀ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

የቫን አገልግሎቱ ባልደረቦች
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ