ስለ ኮርኮቫዶው የእግር ጉዞ የቀረበ ቅሬታ

ለአስጎብኚ ድርጅቱ የደንበኞች ክፍል

በእናንተ በኩል ወደ ኮስታ ሪካው ኮርኮቫዶ ብሔራዊ ፓርክ ያደረግነው ጉዞ በጣም አሳዝኖኛል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጭቃውና ስለ ትንኙ አላማርርም። የዝናብ ደን ነው፤ አውቀነው ነው የሄድነው። ቅሬታዬ የሰጣችሁን የመነሻ ሰዓት ላይ ነው።

በፓርኩ ውስጥ ከላ ሌዎና የጥበቃ ጣቢያ ወደ ሲሬና ጣቢያ የሚወስደው መንገድ በአብዛኛው የባሕር ዳርቻውን ይዞ ይሄዳል። ባሕሩ ሲሞላ ማለፊያ የሚያሳጡ ቋጥኞች አሉበት። ሪዮ ክላሮ የተባለውን ወንዝ ለመሻገርም ውኃው መጉደል አለበት። ባሕሩ የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓት ደግሞ አስቀድሞ በሰንጠረዥ ይወጣል። ቀደም ብለን እንነሳ ብዬ ስጠይቅ ከቢሮ የተሰጠኝ መልስ «መኪናው ከዚያ በፊት አይመቸውም» የሚል ነበር።

ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ስንሮጥ ዋልን። ማካዎች የሚባሉት ትልልቅ ደማቅ ቀይ በቀቀኖች ዛፍ ላይ ሆነው ፍሬ እየፈለፈሉ ቅርፊቱን እግራችን ሥር ይጥሉ ነበር። ቀና ብሎ ለማየት እንኳ ፋታ አላገኘንም። ሪዮ ክላሮ ስንደርስ ውኃው ሞልቷል። ቦርሳችንን ተሸክመን፣ እስከ ደረታችን ገብተን ተሻገርን። በፓርኩ ወንዞች ውስጥ እኮ አዞ አለ!

ከሁሉም የከነከነኝ ግን ሲሬና አቅራቢያ የሆነው ነው። አንዲት ታፒር፣ አሳማ የምትመስል ትልቅ እንስሳ፣ ጭቃ ውስጥ ተኝታ ነበር። ታፒር ሌሊት ሲንቀሳቀስ አድሮ ቀን የሚያርፍ እንስሳ ነው። መሪያችን «ቶሎ ፎቶ አንሱ» ብሎ እንድትነሳ እንጨት ወረወረባት። ደንግጣ ተነሳች፤ ረጅም አፍንጫዋን ወዲያ ወዲህ አድርጋ አሸተተችና ጫካ ገባች። ልጁ ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ ሰዓት አጣድፎት ነው። ቢሆንም ይህ ፈጽሞ መደረግ የሌለበት ነገር ነው።

ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮርኮቫዶ ፈቃድ ካለው መሪ ጋር ካልሆነ አይገባም። ሕጉ እንስሳቱንም ጎብኚውንም እንዲጠብቅ ነው የወጣው። እናንተም የምታስከፍሉት ለዚሁ ነው።

የመሪውን ክፍያ ግማሽ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ። የመነሻ ሰዓት ከአሁን በኋላ በባሕሩ ሰንጠረዥ እንደሚወሰን፣ እንስሳ መቀስቀስም ለመሪዎቻችሁ ክልክል መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጡልኝ። መልሳችሁን በ15 ቀን ውስጥ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ