የቆቃ ግድብ ሁኔታ ክረምት ሳይገባ ይነገረን

ለአዘጋጁ፦

ይህን የምጽፈው ስለ ቆቃ ግድብ አቋምና እዚያ ለመዝናናት ስለሚሄደው ሰው ደህንነት ነው።

ግድቡ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ጀመረ። ዕድሜው ከ60 ዓመት አልፏል። አዋሽ ከተራቆተው ደጋ ጠርጎ የሚያመጣው ደለል ዓመት ከዓመት ከሐይቁ ሥር ይተኛል። ደለል የያዘውን ቦታ ደግሞ ውኃ አይዘውም። ክረምቱ ሲከብድ ሐይቁ ቶሎ ይሞላል፣ ውኃው ይለቀቃል፣ ዳፋው ወንጂንና አፋርን ያገኛል። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. አፋር ላይ የደረሰውን አንርሳ። ስንት ሰው ነው ከቤቱ የተፈናቀለው!

መዝናኛውም ያሳስበኛል። ዓሣ ጥብስ ተበልቶ ጀልባ ላይ ሲወጣ ሕፃናት ሳይቀሩ ያለ ላይፍ ጃኬት ይሳፈራሉ። ጃኬቱ ቢኖርም ጥግ ላይ ተከምሮ፣ ማሰሪያው ተበጥሶ ነው። እምቦጩ የጀልባ ሞተር ላይ ሲጠመጠም መሀል ሐይቅ ላይ መቆም አለ። ንፋስ ከተነሳ ምን ሊሆን ነው?

ስለዚህ ግድቡን የሚያስተዳድረው አካል በየዓመቱ ግንቦት ላይ የደለሉን መጠንና የበሮቹን ሁኔታ የሚገልጽ አጭር ሪፖርት ለሕዝብ ያውጣ። ውኃ ከመለቀቁ በፊት ከታች ላሉ ቀበሌዎች በሬዲዮና በስልክ መልእክት ይነገር። ጀልባ ወደ ግድቡ እንዳይጠጋ ተንሳፋፊ ገመድ ይዘርጋ። ላይፍ ጃኬት የማያስለብስ ባለጀልባም ሰው እንዳይጭን ይከልከል።