ቀዮቹን ሽኮኮዎች በብርድ ወራት ሄዳችሁ እዩ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በእንግሊዝ ለምንኖር አንባቢዎቻችሁ በየሳምንቱ የምታወጡትን የዝግጅቶች ዓምድ እከታተላለሁ። ብርዱ ከገባ ጀምሮ ግን የምታስተዋውቁት ሁሉ ጣሪያ ሥር የሚደረግ ነው፤ አዳራሽ፣ ምግብ ቤት፣ የሙዚቃ ምሽት። በአስጎብኚ የሚመራ የእግር ጉዞ ለምን አይጨመርበትም? ይህን እንድጠይቅ ያነሣሣኝ ባለፈው ጥር ከሁለት ልጆቼ ጋር ወደ ብራውንሲ ደሴት ያደረግሁት ጉዞ ነው።

ብራውንሲ በደቡብ እንግሊዝ፣ በፑል ወደብ ውስጥ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት እ.ኤ.አ. በ1907 ቤደን ፓወል የስካውት እንቅስቃሴ የተወለደበትን ካምፕ ስለተከሉባት ነው። እኔን የወሰደኝ ግን ቀዩ ሽኮኮ ነው። ሽኮኮ ስል ገደል ላይ ፀሐይ የሚሞቀውን፣ ጅራት የሌለውን የአገራችንን እንስሳ ማለቴ አይደለም። ይህኛው እንግሊዞቹ ስኩዊረል የሚሉት፣ ጅራቱ የተንዠረገገ፣ ከዛፍ ወደ ዛፍ የሚዘል ነው፤ ሌላ የሚስማማ ስም አጥቼለት ነው።

በሙቀቱ ወራት አንድ ጊዜ ሄደን ነበር። በቅጠሉና በሰዉ ብዛት መካከል ያየነው አንድ ጅራት ብቻ ነው። በብርዱ ወራት ደሴቲቱ በአብዛኛው ዝግ ስለሆነች በተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው የሚገባው፤ ወዳጆቼም «እንስሳቱ በዚህ ብርድ ተኝተው የለም ወይ?» ብለውኝ ነበር። ቀይ ሽኮኮ ግን ብርዱን በእንቅልፍ አያሳልፍም። በመጸው የቀበረውን ፍሬ እየቆፈረ ሲበላ ይከርማል። ፀጉሩ ይወፍራል፤ ጆሮው ጫፍ ላይ ረጅም የፀጉር ቁንጮ ይበቅላል፤ ዛፎቹም ቅጠላቸውን ስላራገፉ መደበቂያው ይሳሳል።

መጀመሪያ ያገኘነው እንስሳውን ሳይሆን ምልክቱን ነበር። አስጎብኚያችን ቆም ብሎ መሬት ላይ የወደቀ የጥድ ፍሬ አነሣ፤ ዙሪያውን ተግጦ ልክ የበቆሎ ቆረቆንዳ መስሏል። ወዲያው ከላያችን ቅርፊት መዝነብ ጀመረ። ቀና ስንል ሽኮኮው ፍሬውን በሁለት እጁ ይዞ ይግጣል። ታናሿ ልጄ እጄን ጨብጣ ትንፋሿን ዋጠች። ያለ አስጎብኚው በዚያ ዛፍ ሥር ሳናይ እናልፍ ነበር።

ይህ እንስሳ በእንግሊዝ ከአብዛኛው ስፍራ የጠፋው እ.ኤ.አ. ከ1876 ጀምሮ ከሰሜን አሜሪካ ባመጡት ግራጫ ሽኮኮ ምክንያት ነው። ግራጫው ምግቡን ይሻማዋል፤ እርሱን የማይጎዳውና ቀዩን የሚገድለው የፈንጣጣ ዓይነት ቫይረስም ተሸክሟል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ግምት በታላቋ ብሪታንያ ግራጫው 2.7 ሚሊዮን ሲሆን ቀዩ 287,000 ነው፤ አብዛኛውም ያለው በስኮትላንድ ነው። ብራውንሲ ላይ ከ200 በላይ የሚሆኑት የተረፉት ባሕሩ ግራጫውን ስለከለከለላቸው ነው።

በችግራቸው ወራት ለምን እንረብሻቸዋለን የሚል አንባቢ ይኖራል። ስጋቱን አከብራለሁ። በአስጎብኚ እንሂድ የምለውም ለዚሁ ነው። እኛ ጥቂት ሰዎች ነበርን፤ ከመንገዱ አልወጣንም፤ ለውዝ ይዞ የመጣ ሰው ወደ ቦርሳው እንዲመልስ ተነግሮታል። የደሴቲቱ ሽኮኮዎች የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ እንደሚገኝባቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ታውቋል፤ ለሰው የሚያሰጋው እጅግ ጥቂት ነው ቢባልም በእጅ ማብላትና መንካት አያስፈልግም።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ የእንዲህ ዓይነት ጉዞዎችን ቀንና የመመዝገቢያ ጊዜ ቀደም ብላችሁ አውጡልን። ቦታው ውስን ስለሆነ በሳምንቱ መጨረሻ የሚነገረው አይረዳንም። ከልጆች ጋር ለሚሄዱ ወላጆች ወፍራም ካልሲና ውኃ የማያስገባ ጫማ እንደሚያስፈልግ ጨምሩበት፤ እኛ ያለዚያ ሄደን ትልቁ ልጄ ጀልባው ላይ እስኪመለስ እግሩ ደንዝዞ ነበር።

አክባሪያችሁ፣
የሁለት ልጆች እናት፣ ከቦርንማውዝ