ዕጩ ተሿሚዎች ከድምፅ በፊት ይጠየቁልን

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ የክልሉን ምክር ቤት ጉባኤ በዘገበ ቁጥር ከዜናው መጨረሻ ገደማ የልዩ ልዩ ኃላፊዎች ሹመት መጽደቁን እናነባለን። ማን እንደተሾመና በስንት ድምፅ እንደተሾመ እናውቃለን፤ ተሿሚው ምን ተጠይቆ ምን እንደመለሰ ግን አናነብም። ይህ የዘጋቢዎቻችሁ ድክመት አይደለም፤ የሚዘገብ ጥያቄና መልስ ብዙውን ጊዜ ስለሌለ ነው። በባሕር ዳር ፍርድ ቤቶች ለረጅም ዓመታት በጥብቅና ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ የሕግ ባለሙያ ነኝ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ያለኝን ሐሳብ በአንባቢያን አምድ እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ጉባኤውን በሬዲዮም ሆነ በቴሌቪዥን የተከታተለ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል። የሹመት አጀንዳ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ ሪፖርቱና በጀቱ ካለቀ፣ አባላቱም ከደከሙ በኋላ ነው። አቅራቢው ወደ መድረኩ ወጥተው የዕጩውን ግለ ታሪክ ያነባሉ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ በዚህ፣ ሁለተኛ ዲግሪ በዚያ፣ ከዚህ እስከዚህ ዓመት በወረዳ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ከዚያም በዞን መምሪያ ኃላፊ፣ በመጨረሻም «በተሰጣቸው የሥራ ኃላፊነት ሁሉ ውጤታማ የነበሩ»። ወረቀቱ ከገጽ አይዘልም፤ ዕጩው ከየኃላፊነቱ በምን ምክንያት እንደተነሣ በውስጡ አይገኝም። አንድ ሁለት አባላት አስተያየት ይሰጣሉ፣ እጅ ይወጣል፣ ተቃውሞና ድምፀ ተአቅቦ ይቆጠራል፣ ቃለ መሐላ ይፈጸማል፣ አዳራሹም «ሹመት ያዳብር» እያለ ያጨበጭባል። (የፎቶግራፉ ሥነ ሥርዓት ከጥያቄው ክፍለ ጊዜ የሚረዝምበት ጊዜ እንዳለ መታዘብ ይቻላል።)

ሕጉ ከዚህ የበለጠ ነገር የሚጠብቅ ይመስለኛል። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። በአንቀጽ 55 የሚኒስትሮችን፣ የኮሚሽነሮችንና የዋናው ኦዲተርን ሹመት የማጽደቅ ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሰጣል፤ በአንቀጽ 58 ደግሞ የምክር ቤቱ ስብሰባ በግልጽ እንደሚካሄድ፣ ዝግ የሚሆነውም ከግማሽ በላይ አባላት ሲስማሙ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። በክልል ደረጃም ቢሆን ከድምፅ በፊት የሚደረግ ማጣራት እንግዳ ነገር አይደለም። በአንቀጽ 81 መሠረት የክልል የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ የጠቅላይና የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞችን ለሹመት ከማቅረቡ በፊት የፌዴራሉን ጉባኤ አስተያየት መጠየቅ አለበት፤ የክልሉ ምክር ቤት ያለ አስተያየቱ ሹመቱን ማጽደቅ የሚችለው ሦስት ወር ተጠብቆ መልስ ሲጠፋ ነው። ለዳኛ ሦስት ወር መጠበቅን ሕገ መንግሥቱ ካልከበደው፣ ለቢሮ ኃላፊ ወይም ለኮሚሽነር አንድ ሳምንት መስጠት ለእኛ የሚከብድበት ምክንያት አይታየኝም።

ነገሩ በእኛ ከተማ ምን ዓይነት መልክ ሊኖረው እንደሚችል ለማሳየት ጣናን ልውሰድ። ሐይቁ ከ3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ሲሆን በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ደለላቸውን ይዘው ይገቡበታል። ዓባይ በሚወጣበት በኩል የውኃውን መጠን የሚቆጣጠሩት የጨረጨራ በሮች አሉ፤ በሌላ በኩል በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀውና 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ ከሐይቁ ውኃ ይወስዳል። ለመብራት ብዙ ውኃ ሲሄድ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ይሳሳል፤ ሐይቁ ሲሸሽ የዳርቻው ገበሬ ተከትሎ ያርሳል፤ የታረሰው ረግረግ ደግሞ ደንገል የሚበቅልበትና ዓሣ የሚጠለልበት ቦታ ነበር። እንግዲህ በውኃ፣ በመሬት፣ በአካባቢ ጥበቃ ወይም በሐይቁ ጥበቃ ላይ የሚሾም ሰው፣ ሿሚው ማንም ቢሆን፣ የሁሉንም ጥቅም ሊነካ የሚችል ውሳኔ በእጁ ይገባል።

እንዲህ ላለው ዕጩ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ከባድ ምርምር የሚጠይቁ አይደሉም። ከውኃው ጠርዝ ስንት ሜትር ከእርሻና ከግንባታ ነጻ እንዲሆን ያስፈጽማሉ? በዚያ ክልል ውስጥ አስቀድመው የተሠሩትን ሆቴሎችና መኖሪያ ቤቶች ምን ያደርጓቸዋል? የባሕር ዳር ፍሳሽ ሳይጣራ ወደ ሐይቁ እንዳይገባ በመጀመሪያው የበጀት ዓመት የሚወስዱት እርምጃ የትኛው ነው? በክረምት ወራት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ የሚወጣውን ዓሣ በወንዞቹ አፍ ላይ በመረብ የሚዘጋውን አስጋሪ እንዴት ያስቆሙታል፣ እስከዚያው መተዳደሪያውን ከየት ያገኛል? በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ለአንድ ወር ሕዝብ ወጥቶ እምቦጭን በእጁ ነቅሏል፣ ማሽኖችም ተገዝተዋል፣ ተለግሰዋልም፤ እርስዎ በእጅ ነቀላ፣ በማሽን ወይስ ከተፋሰሱ የሚመጣውን ማዳበሪያና ደለል በመቀነስ ያምናሉ? በመጨረሻም፣ እርስዎ ወይም የቅርብ ዘመድዎ በሐይቁ ዳርቻ ይዞታ አላችሁ ወይ? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ እንደ ድፍረት የሚቆጥሩት ይኖራሉ፤ ነገር ግን በአዋጅ ቁጥር 668/2002 ተሿሚዎች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ሕግ ካስገደደ፣ ከሥራው ጋር የሚጋጭ ጥቅም መኖር አለመኖሩን ከመሾሙ በፊት መጠየቅ ነውር ሊሆን አይገባውም። ከተሾመ በኋላ ቢገኝ ምን ይደረጋል? ብዙ ጊዜ የሚደረገው በሌላ ወንበር ማዛወር ነው።

አሠራሩ በአገራችን ፈጽሞ ያልተሞከረ አይደለም። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 210/1992 ሲቋቋም ዕጩ አቅራቢ ኮሚቴው የሁለቱ ምክር ቤቶች አፈ ጉባኤዎችን፣ የተቃዋሚ ፓርቲ ተወካዮችን፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንትና የሃይማኖት ተቋማትን ተወካዮች እንዲይዝ ተደርጎ ነበር። የኢትዮጵያ ሀገራዊ ምክክር ኮሚሽንም ሲመሠረት ከ632 ጥቆማዎች 42 ሰዎች ተለይተው ስማቸው ለሕዝብ አስተያየት ይፋ ሆነ፤ በየካቲት 2014 ዓ.ም. 11 ኮሚሽነሮች ተሾሙ። በሂደቱ ላይ ከፖለቲካ ፓርቲዎች የግልጽነት ቅሬታ መነሣቱ ይታወሳል። በእኔ አመለካከት ለቅሬታው በር የከፈተው አንድ ነገር ነው፤ ሕዝቡ አርባ ሁለቱን በስም አወቃቸው እንጂ ፊት ለፊት ተጠይቀው ሲመልሱ አልሰማቸውም።

ጎረቤታችን ኬንያ ከዚህ አንድ እርምጃ ተሻግራለች። እ.ኤ.አ. በ2010 ሕገ መንግሥቷን ካጸደቀች በኋላ በቀጣዩ ዓመት በፓርላማ ስለሚጸድቁ ሹመቶች ብቻ የሚናገር ሕግ አወጣች፤ በ2017 ደግሞ ለካውንቲ ምክር ቤቶች ተመሳሳይ ሕግ ተደነገገ። ዕጩው በኮሚቴ የሚጠየቅበት ቀንና ቦታ ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት ለሕዝብ ይነገራል፤ ጥያቄው በግልጽ ስብሰባ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ሙያ ሥልጠናውና ስለ ግል ሥነ ምግባሩ ይቀርባል፤ ተቃውሞ ያለው ዜጋም ማስረጃውን በመሐላ አረጋግጦ ማስገባት ይችላል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ለሥርዓተ ፆታ ሚኒስትርነት የቀረቡት ዕጩ በዚህ ወንፊት ሳያልፉ ቀርተዋል። የካውንቲው ሕግ በተለይ ለእኛ ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ፤ ከብሔራዊው ፓርላማ በታች ያለ ምክር ቤትም ይህን ሥራ ሊሠራው እንደሚችል ያሳያልና።

የአሜሪካን ስቴቶች ልምድ የማነሣው ግን ከነጉድለቱ ነው። በካሊፎርኒያ አገረ ገዥው ለልዩ ልዩ ቦርዶችና ኮሚሽኖች የሚሾማቸው ብዙዎቹ ሰዎች አምስት አባላት ባሉት የሴኔቱ የደንብ ኮሚቴ ፊት ይቀርባሉ፤ ተሿሚው ሥራውን ጀምሮ መቆየት ቢችልም በ365 ቀናት ውስጥ ሴኔቱ ካላጸደቀለት ወንበሩን ይለቃል። በቴክሳስ ከተገኙት ሴናተሮች የሁለት ሦስተኛው ድምፅ ያስፈልጋል። በዊስኮንሲን የሆነው ግን ማስጠንቀቂያ ነው። የተፈጥሮ ሀብት ቦርድ አባል የነበሩ አንድ ሰው የሥራ ዘመናቸው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ቢያበቃም ከወንበራቸው አልነሣም አሉ፤ ሴኔቱም በምትካቸው የተሾመችውን ሰው ጉዳይ ለድምፅ ሳያቀርብ አቆየው። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2022 በ4 ለ3 ድምፅ፣ የሥራ ዘመን ማለቁ ብቻውን ወንበሩን ክፍት አያደርገውም ብሎ ፈረደላቸው። የውኃና የዱር እንስሳት ፖሊሲ የሚያወጣ ቦርድ በዚህ ምክንያት ከአንድ ዓመት በላይ ሲያወዛግብ ኖረ። ስለዚህ ለጥያቄው የሚፈቀደው ጊዜ በቀን ተቆርጦ ካልተቀመጠ፣ መጠየቅ የተባለው ሥልጣን ሹመትን አግቶ መያዣ ይሆናል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁልጊዜ የሚነሡ ሁለት ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው ምክር ቤቱ በአብዛኛው የአንድ ፓርቲ አባላት የተሰበሰቡበት ስለሆነ መጠየቁ ውጤቱን አይለውጥም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ምናልባት የድምፁ ቁጥር አይለወጥ ይሆናል። ነገር ግን በችሎት የኖረ ሰው የቃልን ዋጋ ያውቃል፤ አንድ ሰው በመዝገብ ላይ ያኖረው ቃል ከዓመት በኋላ ሲነበብለት የሚያመልጥበት መንገድ ይጠብበታል። ዕጩው በቋሚ ኮሚቴ ፊት «በስድስት ወር ውስጥ የዳርቻውን ወሰን ምልክት አስተክላለሁ» ካለ፣ ያው ቋሚ ኮሚቴ በሚቀጥለው የመስክ ምልከታ ቃለ ጉባኤውን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ዛሬ የሚይዘው ነገር የለውም፤ በእጁ ያለው አጠቃላይ የመሥሪያ ቤት ዕቅድ ነው፣ ዕቅድ ደግሞ የማንም አይደለም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላትስ ቢሆኑ በአንቀጽ 54 ተገዥነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው እንደሆነ ተጽፎ የለም ወይ? በምክር ቤት በሰጡት አስተያየትም አይከሰሱም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብደኛል። በአደባባይ መጠየቅ የሰውን ስም ማጥፊያ ይሆናል፣ ጥቆማ በተባለ ቁጥር ስም የሌለው ደብዳቤ ይጎርፋል፣ ዘሩና አውራጃው ይነሣበታል፣ የተሻለውም ሰው ከዚህ ሁሉ ብሎ ሹመቱን ይሸሻል ይባላል። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ በዚህ ጊዜ የአንድ ሰው ስም በማኅበራዊ መገናኛ ለመርከስ አንድ ቀን ይበቃዋል። ነገር ግን ሜዳውን ለሐሜት የሚለቅለት በግልጽ የሚጠየቅበት ቦታ አለመኖሩ ነው። ስሙንና ፊርማውን ያላኖረ ጥቆማ አይታይ፤ የጤናና የቤተሰብ ጉዳይ በዝግ ይሰማ፤ የዕጩው ብሔርና ሃይማኖት ከጥያቄ ውጭ ነው ተብሎ በደንብ ይጻፍ። ይህን ያህል ጥበቃ ተደርጎለት ስለ ሥራው ሁለት ሰዓት መጠየቅን የሚሸሽ ሰው፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር ለምን እንደሸሸ እኛም የመጠርጠር መብት አለን።

የምጠይቀው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አይደለም፤ ምክር ቤቱ የራሱን የአሠራር ደንብ በማሻሻል ሊፈጽመው የሚችለው ነገር ነው። የዕጩው ግለ ታሪክ ከጉባኤው 10 ቀን በፊት ይፋ ይሁን፣ በውስጡም ከየኃላፊነቱ የተነሣበት ምክንያት ይካተት። ሥራው የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ዕጩውን ጠርቶ ጋዜጠኞችና ፍላጎት ያላቸው ነዋሪዎች በተገኙበት ይጠይቀው። ኮሚቴው ድጋፉን ወይም ተቃውሞውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ለጉባኤው ያቅርብ፤ በ10 ቀን ካላቀረበ ጉባኤው ያለ እሱ ይወስን። ለዳኞችና ለዋና ኦዲተር ከዚህ የጠበቀ ሥርዓት ያስፈልጋል፤ እሱን በሌላ ደብዳቤ እመለስበታለሁ።

ለጋዜጣችሁም አንድ ጥያቄ አለኝ። ደንቡ እስኪሻሻል ድረስ፣ የሹመት አጀንዳ እንዳለ ስትሰሙ ከጉባኤው በፊት ባለው እትም ለዕጩዎቹ ግማሽ ገጽ ስጡልን፤ አንባቢውም ጥያቄውን በስሙና በአድራሻው ይላክላችሁ፣ ከእነዚያ ውስጥ አምስት ስድስቱን መርጣችሁ ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ በጽሑፍ አድርሱ፣ የተሰጠውን መልስ ወይም መልስ አለመሰጠቱን በሚቀጥለው እትም አውጡ። የእኔን ስለ ሐይቁ ዳርቻ ወሰን የተጻፈውን ጥያቄ እንደ መጀመሪያው ቁጠሩልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የሕግ ባለሙያ
ባሕር ዳር