ልጄ፣ በሶፍትዌር ስም እንዳትጠራ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ብቻ ትንሽ አስቸግሮኛል። ለእህትህ ግን እንዳትነግራት፣ ካልታየሽ ብላ መውጫ መግቢያ ታሳጣኛለች።

ወሬውን የነገረችኝ እሷው ናት። ሬቪት የሚሉት የሕንፃ መሳያ ሶፍትዌር፣ ፓይተን የሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ፣ የፕሮጀክት ማኔጅመንት፣ ሁሉንም ባንዴ ጀምረሃል አሉ። እንቅልፍም የለህም። በዚህ ላይ አለቃህ "ዲዛይኑን ተውና ሁሉን የምትይዝ ኃላፊ ላድርግህ" ብሎሃል። አንተ ደግሞ ማስተርሱን በርዕደ መሬት ላይ ልቀጥል ወይስ ይቅርብኝ እያልክ ትዋልላለህ። ለእናትህ መንገር ምን ነበረበት? በስልክ ስንገናኝ "ሁሉ ሰላም" ብቻ!

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ግን መሐንዲስ ያሰበውን ስስል ነው የኖርኩት፣ ስለዚህ ስማኝ። አንዱን ይዤ ልጥለቅ ወይስ ሁሉን ነካ ነካ ላድርግ ካልከኝ፣ ጥለቅ ነው የምልህ። ብቻ የምትጠልቅበትን እወቅ። በሶፍትዌር ስም እንዳትጠራ። ባለፈው እቤት ሳለህ የቢሮ ልጆች ደውለው "ኢታብሱ አለ?" ብለው በሕንፃ ማስሊያ ሶፍትዌርህ ስም ሲጠሩህ አንተ ሳቅህ። እኔ ግን ደስ አላለኝም።

እኔንም በምስልበት የቀለም ብዕር ስም "ባለራፒዶዋ" ይሉኝ ነበር። ትሬሲንግ ወረቀት ላይ በራፒዶ ስጽፍ ፊደሌ የታተመ ይመስላል። ቀለም ከፈሰሰ በምላጭ ጫፍ ቀስ አድርጌ እፍቃለሁ፣ ወረቀቱ ሳይሳሳ። ኮፒው በአሞኒያ ሲወጣ ሽታው ዓይን ያስለቅስ ነበር። አጠገቤ የሚቀመጠው የክርስትና አባትህ ነው። እጁ ከባድ ነበር፣ መስመሩ አያምርም። ግን መሐንዲሶቹን "ይሄ ፌሮ እዚህ ጋ ለምን ታጠፈ?" እያለ መድረሻ ያሳጣቸዋል። እኔ "ኧረ ሥራህን ሥራ" እለው ነበር።

የስዕል ሶፍትዌሩ አውቶካድ በፈረንጆች 1982 ነው የወጣው። እኛ ክፍል የደረሰው ብዙ ቆይቶ ነው። ከደረሰ በኋላ ግን ጊዜ አልሰጠንም። ያ ሁሉ የፊደል ጥበቤን ትናንት የተቀጠረ ልጅ በአንድ ቁልፍ ያወጣው ጀመር። ራፒዶዎቼ ቀለማቸው እንደ ደረቀ ቡፌው ውስጥ ናቸው፣ ታውቃቸዋለህ።

አንድ ቀን ከኮምፒውተር የወጣ የበረንዳ ስዕል መጣ። ከሥሩ ኮለን የሌለው፣ ከግድግዳው ወጥቶ የተንጠለጠለ በረንዳ። አየሁት። መስመሩ ልቅም ያለ ነው። አሳለፍኩት። የክርስትና አባትህ ተቀብሎኝ ትንሽ አየውና "ዋናው ፌሮ ታች ነው የገባው" አለ። ሁለት ጫፉ ከተደገፈ ሶሌታ፣ ከወለል ኮንክሪት ማለት ነው፣ እንዳለ ተቀድቶ ኖሯል። እንዲያ ያለ ሶሌታ ሲጫን የሚለጠጠው ከታች ነው፣ ብረቱም ታች ይገባል። የተንጠለጠለ በረንዳ ግን የሚለጠጠው ከላይ ነው። ብረቱ ታች ከቀረ ኮንክሪቱን የያዘው ካሳፎርማ ሲፈታ አብሮ ሊወርድ ይችላል። ይሄን ላንተ መንገር ለቀባሪው አረዱት ነው። እኔ ግን ያን ሁሉ ዘመን በረንዳ ስስል ለምን ከላይ እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኩም። እሱ እስከ ጡረታው ስዕል መርማሪ ሆኖ ሠራ። እኔን መዝገብ ቤት አዛወሩኝ። ማንም አልበደለኝም። ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፣ በተለይ የሰው በረንዳ ሥር ሳልፍ።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ርዕደ መሬቱ። በ1953 የሰሜን ሸዋዋ ካራቆሬ ተንቀጥቅጣ ማጀቴ ስትፈርስ ኢታብስ የሚባል ነገር አልነበረም። በ1961 አፋር ውስጥ ሰርዶ ስትወድምም አልነበረም። በ2017 ፈንታሌ አካባቢ ሲነሳና እዚህ አዲስ አበባ ድረስ ሲንጠን ግን ሶፍትዌሩ ሞልቶ ነበር። የሕንፃ ሥራ ደንቡ፣ ኮዱ ራሱ ተቀይሯል። በፈረንጆች 1995 የወጣው የርዕደ መሬት ኮድ፣ ኢቢሲኤስ 8፣ በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2015ቱ ተተክቷል፣ ይሄኛውም አንድ ቀን ይተካል። ስምጥ ሸለቆው ግን የትም አይሄድም። እሱን ይዘህ ጥለቅ።

ደግሞ ጠባብ እሆናለሁ ብለህ አትፍራ። ርዕደ መሬት የያዘ ሰው ሳይወድ በግዱ አፈር ይማራል። ኮለኑን የሚያቅፈው ቀለበት ብረት፣ ስታፋው፣ ኮለኑ ጫፍ ላይ ጠጋ ጠጋ ብሎ መታሰሩን ሳይት ወርዶ ከብረት ሠራተኛው ከፌራዮው ጋር ካላየ ስሌቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ምድሩ ለሱቅ ተብሎ መስታወት ብቻ፣ ከላይ በብሎኬት የታጨቀ ፎቅ እግሩ ለምን እንደሚከዳው ለባለቤቱ በአማርኛ ማስረዳት አለበት፤ ባለቤቱ ደግሞ ሱቁን አይለቅም። ይሄ ሁሉ አንድ ሙያ ነው? ፓይተኑም ለዚህ የሚጠቅምህ ከሆነ ተማረው። የፕሮጀክት ማኔጅመንቱን ግን አሁኑኑ ተወው፣ ፀጉርህ ሸበት ሲል ትደርስበታለህ። አለቃህ "ሁሉን የምትይዝ" ያለህም እኮ ሰው ጠፍቶበት ነው።

ደሞዙ ይሻላል ትለኝ ይሆናል። ይሻላል። የቤት ኪራይ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፣ የኔ ጌታ። ከጨነቀህ የጓሮው ክፍል ባዶ ነው፣ ና ግባ። አባትህም ማታ ማታ የሚያወራው ሰው ያገኛል። ግን ለገንዘብ ብለህም ቢሆን በሶፍትዌር ስም እንዳትጠራ። አሁንም ልድገምልህ፣ እንዳትጠራ።

ምዝገባው አርብ ያበቃል አይደል? እስከዚያ ለአለቃህ እሺም እምቢም አትበለው። ሐሙስ ማታ የክርስትና አባትህ ጋ ሂድና አማክረው፣ ደውዬለታለሁ። ጆሮው ደከም ብሏል፣ ጮክ ብለህ አውራው። ባዶ እጅህን እንዳትሄድ፣ ብርቱካን ይዘህ ግባ። እሁድ ስትመጣ ደግሞ የበርበሬውን ዕቃ መልስልኝ፣ ሁለቱንም ከነክዳናቸው።

እናትህ