የመንገዳችን የጎርፍ ቦይ ፈርሷል፤ የጎደለን 266,000 ብር ነው

ውድ የመንገዳችን ነዋሪዎች፣ በውጭ አገር የምትኖሩ የቤት ባለቤቶች፣ ተከራዮችም ጭምር፤

ይህ ዘንድሮ የምናወጣው ሦስተኛ ጥሪ ነው። እንደሰለቻችሁ እናውቃለን፤ እኛም በየበሩ ማንኳኳት ደክሞናል። ነገር ግን ቀደም ሲል በመዋጯችን ካሠራነው ቦይ ነሐሴ ላይ የተደረመሰው የታችኛው ክፍል አሁንም እንደፈረሰ ነው። ውሃው መንገዱን ቦርቡሮ ከአጥሮች መሠረት ሥር ገብቷል። የበልግ ዝናብ ሳይመጣ ካልተሠራ፣ ሰኔ ላይ አጥሮቹ ይከተላሉ።

«ገንዘባችን የት ገባ? ቦዩስ ለምን ፈረሰ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ራሳችን ባደረግነው የግቢዎች ቆጠራ ውስጥ አለ። አገር አቀፉ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በ2011 ዓ.ም. ሊካሄድ የነበረው አራተኛው ተራዝሟል። ያለንበትን የአዲስ አበባውን አያት ሰፈር ያኔ ያየ ሰው ዛሬ መንገዱ ይጠፋዋል። ስለዚህ ሜትር ይዘን ግቢ ለግቢ ዞረን ራሳችን ቆጠርን፤ ጣሪያውን፣ ሊሾውን፣ የቀረውን አትክልት ሳይቀር ለካን። 280 ሜትር ርዝመት፣ 46 ግቢ፣ ከሰርቪስ ቤት ተከራዮች ጋር 118 አባወራና እማወራ።

አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። በግማሽ ሰዓት 30 ሚሊሜትር የሚጥል ዶፍ 250 ካሬ በሆነው ግቢያችን ላይ 7,500 ሊትር ያወርዳል። ግቢው አፈርና ሣር በነበረ ጊዜ ከዚህ ወደ ቦዩ የሚደርሰው 45 በመቶ ያህሉ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ሊሾ ወይም ቴራዞ ሆኖ፣ አሸንዳውም በቀጥታ ወደ መንገድ ስለሚያፈስ፣ 80 በመቶው ይወርዳል። ከእያንዳንዱ ግቢ 6,000 ሊትር፣ ሠላሳ በርሜል ማለት ነው። የመንገዱ ውሃ ሲጨመርበት ታች ጫፍ ላይ በሰከንድ 183 ሊትር ይደርሳል። 30 በ30 ሴንቲሜትር የሆነው የቀድሞው ቦይ በአንድ በመቶ ተዳፋት የሚያሳልፈው 108 ሊትር ነው። ለዚያን ጊዜው ግቢ በቂ ነበር። ሞልቶ ሲፈስ ግን ውሃው ከግንቡ ጀርባ ገባ፤ መረሬው አፈር አብጦ ግንቡን ወደ ውስጥ ገፋው። ከግንቡ ጀርባ ያለውን ውሃ የሚያስወጣ ማስተንፈሻ ቱቦ አለማስገባታችን ጉድለት ነበር፤ አንክድም።

ያዋጣችሁት ገንዘብ ግን ባክኖ አልቀረም። ውሃው የሚጠራቀመው ወደ ታች ሲወርድ ስለሆነ፣ ከላይ ባለው 165 ሜትር የድሮው ቦይ ውሃውን አሁንም ይችለዋል፤ አንድ ድንጋይ አይነካም። የሚፈርሰውና የሚሰፋው የታችኛው 115 ሜትር ብቻ ነው። ቆጠራው ባይኖር 280ውንም እናፈርስ ነበር። የያንዳንዱ ወጪ ደረሰኝ ኦዲተሮቹ ዘንድ አለ፤ ማየት የሚፈልግ መጥቶ ይይ።

አዲሱ ቦይ ወርዱ 40፣ ጥልቀቱ 50 ሴንቲሜትር ይሆናል። 40 በ40 ንጹሕ ሲሆን ይበቃል፤ 10 ሴንቲሜትር ደለል ከተኛበት ግን ወደ 160 ሊትር ወርዶ እንደገና ይሞላል። ጥልቀቱን የጨመርነው ስለዚህ ነው። ሥራው 80 ሜትር ኩብ ግንብ ነው። ለዚህ 126 ኩንታል ሲሚንቶ (ባለ 50 ኪሎው 252 ከረጢት)፣ ሁለት ሲኖ አሸዋ፣ ከፈረሰው የሚለቀመው ተቀንሶ አምስት ሲኖ ድንጋይ ያስፈልጋል። ቅልቅሉ አንድ ሲሚንቶ ለሦስት አሸዋ ነው፤ ግንበኛው እንዳያሳሳው በየቀኑ አንድ የኮሚቴ አባል ይቆማል። ከግንቡ ጀርባ ያለው መረሬ ተነሥቶ ገረጋንቲ ይሞላል፤ በየሁለት ሜትሩ ማስተንፈሻ ቱቦ ይገባል። በየበሩ ፊት ያለው ክዳን ፌሮው ባለ 12 ሚሊሜትር ይሆናል፤ የቀድሞውን ክዳን የውሃ ቦቴ ሰብሮታልና።

ጠቅላላው 644,000 ብር፣ በግቢ 14,000 ብር ነው። 27 ግቢዎች ከፍለዋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። 19 ይቀራሉ፤ ከነሱ ዘጠኙ ባለቤቶቻቸው ውጭ አገር ያሉ ናቸው። እባካችሁ ይህን ወረቀት ፎቶ አንሥታችሁ ላኩላቸው።

ክፍያው የሚገባው በዕድራችን ስም በተከፈተው፣ በሦስት ፊርማ በሚንቀሳቀሰው ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በየቤታችሁ ባደረስነው ደረሰኝ ጀርባ አለ። በማንም የግል ሂሳብ፣ በገንዘብ ያዣችንም ቢሆን፣ አታስገቡ። «ምክንያት» በሚለው ቦታ የቤት ቁጥራችሁን ጻፉ። ባለፈው ያለ ቤት ቁጥር የገባ ገንዘብ የማን እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል።

«እኔ ላይ ነኝ፣ ውሃው አይነካኝም» የምትሉ ወገኖቻችን፣ ታች ያለውን ግንብ የሚገፋው የእናንተም ሠላሳ በርሜል ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ስንተክል የላይ ሰፈር የታች ሰፈር፣ ክርስቲያን ሙስሊም አንልም። የጎረቤት ሐቅ በሁላችንም እምነት ከባድ ነው። በአንድ ጊዜ ለማይችል በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ከፋፍሎ መክፈል ይቻላል። ጡረተኞች በግል ያነጋግሩን፤ ስማቸው አይነሣም። ተከራዮች ግዴታ የለባችሁም፤ የቻላችሁትን ብትጨምሩ ለክዳኖቹ ይውላል።

ቤት የምትሠሩም አሸዋና ገረጋንቲ ከቦዩ አፍ ቢያንስ ሁለት ሜትር አርቃችሁ አስደፉ።

አሁንም እንደግመዋለን፦ በግቢ 14,000 ብር፣ በዕድሩ ሂሳብ ብቻ፣ የቤት ቁጥር ተጽፎ። የባንክ ደረሰኙን ለጸሐፊው አሳዩ፤ የዕድሩን ደረሰኝ በእጃችሁ ሳትይዙ አትሂዱ።

የመንገዱ ልማት ኮሚቴ