ለአባባ፦ ድሬን በእግር ለማየት

ድሬዳዋ፣ ኅዳር

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለቁልቢ ገብርኤል መጥተው እስከ ጥምቀት እኛ ዘንድ እንደሚቆዩ ሰምተን ቤቱ ሁሉ ደስ ብሎታል። «ቤት ተቀምጬ አልውልም፣ ከተማውን በእግሬ ነው የማየው» ማለትዎንም ነገሩኝ። ድሬ ለዚህ ትመቻለች፤ ሜዳ ናት፣ መንገዷ ቀጥ ያለ ነው፣ የሚታየውም ተጠጋግቶ ነው ያለው። ግን እንደ ደብረ ብርሃን ጠዋት ተነሥቶ እስከ ምሳ መዝለቅ እዚህ አይሆንም። የድሬን መንገድ የሚወስነው ሰዓትና ጥላ ነውና ሳይነሡ እንዲያነቡት ብዬ ዝርዝሩን ጻፍኩልዎ።

መጀመሪያ የከፍታውን ነገር ያስቡበት። እርስዎ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው የሚኖሩት፤ ድሬ 1,200 አካባቢ ናት። ስለዚህ እዚህ ሲሄዱ ትንፋሽ አያጥርዎትም፤ ሰውን የሚያታልለውም ይኸው ነው። ደረት ስላልደከመ እግር ይቀጥላል፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላቡ እንደወጣ ይተናል፤ ሸሚዝ ሳይርስ ሰውነት ውሃውን ይጨርሳል። ከዚያ ራስ ምታትና ማዞር ይመጣል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ከግማሽ ሰዓት በላይ አይሂዱ። ከዚያ በኋላም ለአንድ ዙር አንድ ሊትር ውሃ ይያዙና ሳይጠማዎት በየሩብ ሰዓቱ ይጎንጩ። የደም ግፊት ክኒንዎ ሽንት የሚያበዛው ዓይነት ከሆነ ለሙቀቱ ምን ማድረግ እንዳለብዎት ሐኪምዎን ጠይቀው ይምጡ፤ ይኼን እዚህ ደርሰን አንጀምረው።

ሰዓቱ እንዲህ ነው። በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። እንደነጋ ወጥተው 3 ሰዓት ሳይሞላ ይመለሱ። ማታ ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ጥሩ ነው። ቀን ሙቀቱ ወደ 28 ዲግሪ ይደርሳል፤ ለእኛ ይህ የብርድ ወቅት ነው፣ የድሬ ሰው ጠዋት ጠዋት ሹራብ ለብሶ ቢያዩ አይሳቁ። ከ6 ሰዓት እስከ 9 ወይም 10 ሰዓት ግን መንገዱ ጭር ይላል። ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ምሳ በልቶ ለበርጫ፣ ማለት ጫት ለመቃም፣ ይቀመጣል። በዚያ ሰዓት ቢወጡ የሚያገኙት ፀሐይና የተዘጋ በር ብቻ ነው።

ለጥላ አንድ ሕግ ይበቃል፦ ፀሐይዋ ባለችበት ወገን ያለውን የእግረኛ መንገድ ይያዙ። የዚያ ወገን አጥርና ዛፍ ጥላውን የሚጥለው እርስዎ ላይ ነው፤ ማዶው ግን ፊት ለፊት ይመታል። ስለዚህ ጠዋት የምሥራቁን ጠርዝ፣ ማታ የምዕራቡን ይዘው ይሂዱ። በዚህ ወቅት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በተዘረጋ መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚሻለው የደቡቡ ጠርዝ ነው። ዛፉንም ይለዩ። እናንተ አገር «ድሬዳዋ ዛፍ» የሚሉት ባለ ቀይ አበባው በበጋ ቅጠሉ ስለሚሳሳ ለዓይን እንጂ ለጥላ ብዙም አይረዳም፤ አበባውንም ለማየት እስከ ግንቦት መቆየት ነበረብዎት። ማረፍ ሲያስፈልግዎ ኒም ይፈልጉ፤ በዚህ ወር ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው።

የመጀመሪያው ዙር ከዚራ የሚባለው ሰፈር ይሁን። የሚጀምሩት ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ካለው አደባባይ ነው፤ ከየትም ሰፈር ቢነሡ «ባቡር ጣቢያ» ካሉት የማያደርስዎት ባጃጅ የለም። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ታስቦ የነበረው ወደ ሐረር ነበር፤ ነገር ግን ሐረር ከተራራው በላይ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ባቡሩን ዳገቱን ማስወጣት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆነ። ከተራራው ሥር ባለው ሜዳ ላይ ጣቢያ ተሠራ፣ ቦታውም «አዲስ ሐረር» ተባለ። አዲስ አበባ ለመድረስ እስከ 1909 ዓ.ም. ፈጅቷል። ከዚራ ቤት ሳይሠራበት በፊት በባቡሩ መሐንዲሶች በወረቀት ላይ የተነደፈ ሰፈር ነው፤ መንገዶቹ በማዕዘን የሚገናኙትና ዛፉ በመስመር የቆመው ለዚህ ነው። ለእርስዎ ጥቅሙ መጥፋት አለመቻሉ ነው፤ በየትኛውም መንገድ ገብተው ሁለት ጊዜ ወደ አንድ ወገን ከታጠፉ ፊትዎ ወደ መጡበት ይዞራል።

ከአደባባዩ ተነሥተው ሰፊውን ጎዳና በዝግታ ይሂዱ፣ ከዚያ ወደ ውስጠኛው መንገድ ይግቡ። የቆዩት ቤቶች ያሉት እዚያ ነው፦ ሰፊ በረንዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ በአግድም ርብራብ የተሠራ የእንጨት መስኮት። ጣሪያው ከፍ ያለው ሙቅ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ነው፤ ርብራቡም ንፋስ እያስገባ ፀሐይን ያስቀራል። ከእነዚህ ቤቶች ጋር ሲወዳደር አሁን የሚሠራው ሁሉ መስታወት የሆነ ሕንፃ ለድሬ የማይሆን ነገር ነው፤ የሚያስበው ሰው ግን አላገኘሁም። ዙሩ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም።

የባቡሩን ወርክሾፕ ማየት እንደሚፈልጉ አውቃለሁ። አሮጌ ሎኮሞቲቮች፣ ፉርጎዎች፣ ቶርኖና የብረት ሥራ መሣሪያዎች አሉበት። ግን ዝም ተብሎ የሚገባበት ቦታ አይደለም፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። በሥራ ቀን ጠዋት መታወቂያ ይዘው ይሂዱ፣ በሩ ላይ ያሉትን ጥበቃዎች ጠይቀው ይጠብቁ፤ የዚያን ቀን ኃላፊ ካልተገኘ በሌላ ቀን መመለስ ነው። ከገቡ ሐዲዱን ልብ ብለው ይዩት፤ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ የሚያልፈው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ 1.435 ሜትር ስለሆነ የድሮው ባቡር በእሱ ላይ ሊሄድ አይችልም።

እግርዎን የሚጎዳው ርቀቱ ሳይሆን የእግረኛው መንገድ ነው። የዛፍ ሥር ንጣፉን ከታች ገፍቶ ያነሣዋል፣ ከጥላው ውስጥ ስለሆነም ጉብታው አይታይም። የቦይ ክዳንም አልፎ አልፎ የለም። ስለዚህ ከዘራዎ ጫፉ ላይ ጎማ ይደረግበት፤ ብረት ሲሚንቶ ላይ ያንሸራትታል። ሰንደል ጫማ ደግሞ ይተዉት፣ አሸዋና ድንጋይ እየገባ ያስቸግራል፤ ጣትን የሚሸፍን ቀላል ጫማ ይሁን። ከሌላው ሁሉ በላይ ባጃጅ ነው ጥንቃቄ የሚሻው፤ ቶሎ ይታጠፋል። ማዕዘን ላይ ሳይሆን ከማዕዘኑ አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብለው ይሻገሩ።

ሲደክምዎት ባጃጅ ይያዙ፤ «ኮንትራት» ካሉ ብቻዎን ይወስድዎታል፣ ሳይሳፈሩ ዋጋ ይቁረጡ። ልጁ «አንተ» ቢልዎት አይቀየሙ፤ ድሬ ላይ ለትልቅም ለትንሽም እንዲሁ ነው፣ ንቀት የለበትም። ዝርዝር ብር አይጥፋ።

ሁለተኛው ዙር መጋላ የሚባለው ሰፈር ነው፣ በሌላ ቀን። ሁለቱን ባንድ ጠዋት ለመጨረስ የሚሞክር ሰው መጋላ ውስጥ ካለው ከቀፊራ ገበያ ሲደርስ ፀሐይ አናቱ ላይ ትወጣለች። ከዚራና መጋላን የሚለየው የደቻቱ ወንዝ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ውሃ የሌለው ሰፊ አሸዋ ሆኖ ያዩታል። ሰው በአሸዋው ላይ ሲያቋርጥ ቢያዩም እርስዎ በድልድዩ ይሂዱ። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከተራራው ነው፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣው ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ታኅሣሥ የዝናብ ወቅት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ልማዱ ግን ከመጀመሪያው ቢያዝ ይሻላል። ደግሞም አሸዋ ላይ መራመድ ለጉልበት ከባድ ነው። ከጣቢያው እስከ ድልድዩ በእርስዎ እርምጃ ግማሽ ሰዓት ቢመድቡ ይተርፋል።

ቀፊራ ገበያ ዋናው ማየት የሚገባዎት ነው፤ ቅስት በቅስት የሆነ በር አለው። የኦሮሞ፣ የሶማሌና የአፋር ሰው ከገጠር ያመጣውን ይዞ የሚገናኝበት ነው፣ ግመልና አህያም ይገባሉ። የሚደምቀው ጠዋት ስለሆነ በቀጥታ ወደዚያ ይሂዱ፣ ቤቶቹንና ጠባብ መንገዶቹን ሲመለሱ ያዩአቸዋል። መጋላ እንደ ከዚራ በመስመር አልተነደፈም፤ መንገዱ ይጣመማል፣ ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት አንድ ሚናራ ምልክት አድርገው ይያዙ። ዓርብ ቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት መስጊዶቹ አካባቢ መንገዱ በሰጋጅ ስለሚሞላ በሌላ ቀን ይሁን። ሰው ፎቶ ሲያነሡ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ቤተ መንግሥቱንና ጥበቃ ያለበትን በር ግን ጨርሶ አያንሡ።

እስከ ገና ድረስ ጾም ነውና ስለ ቁርሱ አስቀድሜ ልንገርዎ። ፉል ቤት ሲገቡ «የጾም፣ ቅቤም እንቁላልም የሌለበት» ብለው ይዘዙ፤ ካልተናገሩ ከላይ ይጨምሩበታል። ሳምቡሳ የምስርም የሥጋም ስላለ ጠይቀው ይግዙ። ሙሸበክ ዱቄትና ስኳር በዘይት ስለሆነ ይበላል፣ ግን በጣም ይጣፍጣል፣ ለስኳርዎ ይጠንቀቁ። ፈጢራ ከእንቁላል ጋር ስለሚሠራ ከገና በኋላ ይቆይ። ዳቦ በእጅዎ ይዘው መንገድ ላይ አይሂዱ፤ የድሬ ፍየል እንደ ሰው ገበያ ትወጣለች፣ ከእጅ ነጥቃም ትሄዳለች። ሽንት ቤት ሲያስፈልግ ሻይ ቤት ገብተው አንድ ሻይ ማዘዝ ነው፤ የሕዝብ መጸዳጃ ፍለጋ አይንከራተቱ።

ማታ ሲወጡ እጅጌ ሙሉ ሸሚዝና ካልሲ ያድርጉ። ወባ አለ፤ ቀን የምትናከስም ትንኝ አለች፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ችኩንጉንያ የተባለው ትኩሳት ከተማውን ያስተኛው በእሷ ነው። ቤት ውስጥ አጎበር ሰቅለንልዎታል።

ቀኑን በተመለከተ ከታኅሣሥ 17 እስከ 20 ከተማው በተሳላሚ ስለሚሞላ ዙር አይጀምሩ፤ ባጃጅም አይገኝም፣ ዋጋም ይንራል። ከ21 በኋላ ከዚራ፣ ከዚያ አንድ ቀን ዕረፍት፣ ከዚያ መጋላ። ከገና በኋላ አንድ ቀን ሐረር እንወጣለን፤ በሚኒባስ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ጀጎል፣ አሮጌው ሐረር፣ በግንብ የታጠረ፣ 48 ሄክታር ብቻ የሆነ ስለሆነ ሩቅ የሚባል ነገር የለበትም፣ ቁልቁለት ግን አለው። ከላይ ፈረስ መጋላ ከሚባለው አደባባይ ጀምረን «መኪና ግርግር» የሚሉትን የልብስ ሰፊዎች መንገድ ይዘን ጊድር መጋላ ወደሚባለው ገበያ እንወርዳለን፤ ዳገቱን በእግር አንመለስም። እዚያ ቀዝቀዝ ስለሚል ጋቢዎን ለዚያ ቀን ይያዙ። ለድሬ ግን ጥጥ ሸሚዝ፣ ባለ ሰፊ ጠርዝ ባርኔጣ፣ አንድ ሊትር የሚይዝ ኮዳ፣ መድኃኒትዎና መታወቂያዎ ይበቃሉ። ካፖርቱን እዚያው ይተዉት።

ከመነሣትዎ አንድ ቀን በፊት ይደውሉልን።

ልጅዎ